እምነትና ጥርጥር፤ በጠበሉና በኪኒኑ መካከል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በመሰብሰቢያ አዳራሻችን በር ላይ ከተንጠለጠለችው የጥያቄ ሣጥን አንዲት ቁራጭ ወረቀት ወጣች። ስም የለባትም፤ ጽሑፏም አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚውጥ ሰው በጠበሉ አላመነም ማለት ነውን?» እንደ ልማዳችን ከቅዳሴ በኋላ በጉባኤ ተነበበች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሦስት አራት እጅ ይወጣ ነበር። ያን ዕለት ግን አንድም እጅ አልወጣም። ዝም የተባለበትን ምክንያት ወደ በኋላ እንናገራለን፤ በቅድሚያ ከዚያ ወዲህ በሦስት እሑዶች ያጠናነውን እናቅርብ።

መጀመሪያ ያስቸገረችን «ጥርጥር» የምትባለው ቃል ራሷ ናት። በእኛ ጆሮ ጥርጥርና ክህደት እንደ መንታ ልጆች ናቸው። አንድ ልጅ ተነሥቶ «ይህ ነገር አልገባኝም» ካለ ገና ሳይቀመጥ ተጠራጣሪ የሚል ስም ይወጣለታል። መጻሕፍትን ስንመረምር ግን ነገሩን እንዲህ ቀላል ሆኖ አላገኘነውም። ቅዱስ ቶማስን እንውሰድ። ታሪኩን በየዓመቱ በዳግም ትንሣኤ እንሰማለን፤ ሰምተንም «ተጠራጣሪው ቶማስ» እያልን እንወጣለን። ነገር ግን ጌታ ወደ ቢታንያ ሊሄድ በተነሣ ጊዜ፣ ሌሎቹ ደቀ መዛሙርት ሊወግሩት የሚፈልጉትን ሰዎች እያሰቡ ሲሰጉ፣ ሄደን አብረነው እንሙት ብሎ ጓደኞቹን ያበረታታ ይኸው ቶማስ ነው (ዮሐ. 11)። ልበ ደፋር ሰው ነበረ፤ ያላየውን አየሁ ማለት ግን አልሆነለትም። ጌታም ከስምንት ቀን በኋላ መጥቶ እጁንና ጎኑን አሳየው እንጂ ከሐዋርያት ማኅበር አላስወጣውም። ሳያዩ የሚያምኑትን ብፁዓን ማለቱን አልዘነጋንም፤ ሆኖም ይህን የተናገረው ለጠየቀው ሰው ካሳየው በኋላ መሆኑን ልብ እንበል።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ያለው የታመመው ልጅ አባትም እንዲሁ ነው። እምነቱንና የእምነቱን ጉድለት በአንድ ትንፋሽ ለጌታ ተናገረ። ጌታም ጉድለትህን ሞልተህ ተመለስ አላለውም፤ ልጁን ፈወሰለት።

በሌላ በኩል ደግሞ እምነት መስሎ የሚመጣ ነገር አለ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ሰይጣን ጌታን በቤተ መቅደሱ ጫፍ አቁሞ ራሱን ወደ ታች እንዲወረውር የጠየቀው ከመዝሙረ ዳዊት ጠቅሶ ነው። የጠቀሰው ቃል ሐሰት አልነበረም፤ እግዚአብሔር ይጠብቃል። ጌታ ግን አልዘለለም። ታዲያ አለመዝለሉ በአባቱ ጥበቃ መጠራጠር ነበርን? እንዲህ የሚል ክርስቲያን የለም። ዝለልና እምነትህን አሳይ ማለት እግዚአብሔርን መፈታተን መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። እንግዲያውስ «መድኃኒትህን ጣልና እምነትህን አሳይ» የሚለው ቃል ከዚህ በምን ይለያል? ይህን ክፍል ያነብልን የነበረው ወንድማችን እዚህ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተቆረጠ። ስለ ማን እያሰበ እንደ ሆነም ሁላችን አወቅን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በመዘምራን ክፍላችን ከበሮ የምትመታ አንዲት እኅት ነበረችን። ቫይረሱ በደሟ እንዳለ ካወቀች ጀምሮ መድኃኒቷን ሳታጓድል ትወስድ ስለነበር ከስታ የነበረው ሰውነቷ ተመልሶ፣ ፊቷም ወዝቶ ነበር። በአንድ የበጋ ወቅት ወደ አንድ ጠበል ቦታ ሄዳ ሱባኤ ያዘች። በዚያም አንድ አጥማቂ «ወይ ጠበሉን ወይ ኪኒኑን ምረጪ፤ በሁለት ልብ ፈውስ የለም» አላት። እርሷም መረጠች። ስትመለስ በጉባኤያችን መካከል ቆማ ኪኒኑን ወንዝ እንደ ጣለችው መሰከረች። እኛም እልል አልን። ከመካከላችን «ሐኪም ቤት ሄደሽ ተመርምረሻል ወይ?» ብሎ የጠየቃት አንድም ሰው አልነበረም፤ መጠየቅ ጥርጥር መስሎ ታይቶን ነበርና። በዐሥረኛው ወር በሳንባ ነቀርሳ ታማ ሆስፒታል ገባች፤ ወደ መድኃኒቱም ተመለሰች፤ ግን ዘግይታ ነበር። በቀብሯ ላይ የዘመርነው መዝሙር ያን የምስክርነቷን ዕለት የዘመርነው ነው፤ የምትወደው እርሱን ነበርና።

ወረቀቷ በተነበበች ጊዜ እጅ ያልወጣው ስለዚህ ነው። በአጥማቂው ላይ ጣት መቀሰር ይቀለን ነበር። እርሱ ግን አንድ ሰው ነው፤ እልል ያልነው ወደ ስልሳ ነበርን።

በሁለተኛው እሑድ በጤና ጣቢያ የምትሠራ እኅታችን ስለ መድኃኒቱ አሠራር አስረዳችን። መድኃኒቱ ቫይረሱ እንዳይራባ ያግደዋል እንጂ ከሰውነት ጨርሶ አያስወጣውም። በአንዳንድ ሕዋሳት ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። ኪኒኑ ሲቋረጥ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይበዛል፤ ሰውየው ግን ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ደኅና ነኝ ሊል ይችላል። እየወሰዱ እየተዉ ማቆራረጥ ደግሞ ቫይረሱ መድኃኒቱን እንዲለምድና እንዳይበገርለት ያደርጋል። በትክክል የሚወሰድ ከሆነ የቫይረሱ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ይወርዳል፤ እዚህ ደረጃ ላይ የደረሰና በዚያው የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ወደ ሌላ አያስተላልፍም። እኅታችን ያን ዕለት ደኅና ነኝ ስትል አልዋሸችንም እንግዲህ። ያ ደኅንነት እስከዚያ ድረስ የዋጠችው መድኃኒት ያቆየላት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ትዝ አለን። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ጌታ ዐሥሩን ለምጻሞች የላካቸው ራሳቸውን ለካህናት እንዲያሳዩ ነው። በኦሪቱ ሥርዓት ለምጹ መንጻቱን አይቶ የሚያረጋግጠው ካህኑ ነበርና (ዘሌ. 14)። የፈወሰው ራሱ ጌታ ሆኖ ሳለ የተፈወሱት ሄደው እንዲመረመሩ አዘዘ። እኛ ደግሞ ምርመራን እንደ ስድብ ቆጠርነው።

አንድ ወንድማችን በንዕማን ታሪክ ተከራከረን። ንዕማን በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ ተጠምቆ ከለምጹ ነጻ፤ መድኃኒት አልተጨመረበትም፤ ታዲያ ውኃው ብቻውን አይበቃም ወይ? አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በውኃ የተፈወሰ የለም የሚል ካለ ከእኛ ጋር አይደለም። ነገር ግን ነቢዩ ኤልሳዕ ሄደህ ታጠብ አለው እንጂ የያዝከውን መድኃኒት ጣል አላለውም። በዚያው በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ጥቂት ምዕራፎች አለፍ ብለን ስናነብ ደግሞ ንጉሡ ሕዝቅያስን እናገኛለን። ለሞት ታሞ ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ አለቀሰ፤ እግዚአብሔርም ሰማው፤ 15 ዓመትም ጨመረለት። ተስፋው ከተነገረው በኋላ ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አስመጥቶ በቁስሉ ላይ አስደረገ። ጸሎቱ ተሰምቶ ሳለ በለሱ ለምን አስፈለገ? ንጉሡ ግን በለሱን አንሡልኝ፣ እምነቴን ያጎድልብኛል አላለም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ከዚህ አልፎ ሐኪሙን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር ስለ ሆነ ብልህ ሰው እንዳይንቀው ያስተምረናል። ጸሎትንም ሐኪምንም እዚያው በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል።

በቅዳሴው የምናውቀው ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ በአራተኛው መቶ ዓመት በከተማው ዳርቻ ድውያን የሚታከሙበትና ድኾች የሚጠለሉበት ትልቅ ቤት አሠራ። ለመነኮሳት በጻፈው ሥርዓትም ስለ ሕክምና የሚናገር ክፍል አለ፤ ሐሳቡ ባጭሩ ሕክምናን መናቅ ስሕተት ነው፣ ተስፋን ሁሉ በሕክምና ላይ ብቻ መጣልም ስሕተት ነው የሚል ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ኤች አይ ቪ በኢትዮጵያ ከታወቀበት ከ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ለድኻ የሚደርስ መድኃኒት አልነበረም። ቫይረሱን የሚያግተው የመድኃኒት ቅንብር እ.ኤ.አ. በ1996 ከወጣ በኋላም ዋጋው ለእኛ ሕዝብ የሚቀመስ አልነበረም። መድኃኒቱ በኢትዮጵያ በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በእነዚያ ዓመታት ወደ እንጦጦ ተራራ ጠበል የወጣው ብዙ ሕዝብ መድኃኒትን ንቆ አልነበረም፤ የሚንቀውም መድኃኒት አልነበረውም። ከቤት የተባረረ፣ ዕቃው የተለየበት፣ አከራይ ያስወጣው ሰው እዚያ ጎኑን የሚያሳርፍበት አገኘ፤ ስሙን የሚጠራው ሰው አገኘ። ይህን የማያነሣ የጠበል ነቀፋ ፍርደ ገምድል ይመስለናል።

ፈተናው የመጣው ኪኒኑ በነጻ ከመጣ በኋላ ነው። አንዳንዱ ሁለቱን አንድ ላይ ያዘ፤ አንዳንዱ ደግሞ ምረጥ ተባለ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውን፣ እርስ በርሳቸውም እንደማይቃረኑ በይፋ ተናገሩ። እኅታችን በሞተች ጊዜ ይህ ቃል ከተነገረ ዓመታት አልፈው ነበር። እኛ ጋ አልደረሰም ለማለት አንደፍርም፤ ደርሶን አላነበብነውም።

በዚያው ዘመን በሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሆነውን ብናነጻጽር ነገሩ ይበልጥ ይገለጥልናል። የጋምቢያው ፕሬዚዳንት ያህያ ጃሜ እ.ኤ.አ. በጥር 2007 ኤድስን እፈውሳለሁ ብለው አወጁ፤ በሕክምናቸው የገቡትም በሽተኞች ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን እንዲያቆሙ ተደረገ። ጥያቄ ያነሡት የተባበሩት መንግሥታት ተወካይ ከአገር ተባረሩ። ጃሜ በ2017 ሥልጣን ለቀው ከወጡ በኋላ፣ በ2018 በሕይወት የተረፉ ታካሚዎች ፍርድ ቤት ከሰሷቸው። ይህ ከላይ በትእዛዝ የመጣ እምነት ነው። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ የተገላቢጦሽ ሆነ፤ ፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ ኤድስን የሚያመጣው ኤች አይ ቪ ነው በሚለው ዕውቀት ላይ ጥርጥር አነሡ፤ የጤና ሚኒስትራቸውም ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ቀይ ሥር እንዲበላ ይመክሩ ነበር። መድኃኒቱም ለሕዝብ መዳረሱ ዘገየ። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ግምት፣ ከ2000 እስከ 2005 ባለው ጊዜ በዚህ መዘግየት ምክንያት ከ330,000 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። አንዱ እመኑኝ አለ፣ ሌላው ተጠራጠሩ አለ፤ በሽተኛው ግን በሁለቱም አገር ያለ ኪኒን ቀረ። ጥርጥር ሁሉ ብልኅነት አለመሆኑን ከዚህ ተማርን። ቶማስ ባሳዩት ጊዜ አይቶ አመነ፤ የምቤኪ መንግሥት ግን ሐኪሞቹ ማስረጃውን ደጋግመው ቢያቀርቡለትም ለዓመታት አልተቀበለም።

በሦስተኛው እሑድ ከበድ ያለ ክርክር ተነሣ፤ በመንግሥት ገንዘብ ስለሚካሄድ የሃይማኖት ድርጅቶች ሥራ። ነገሩ ሩቅ ቢመስልም መድኃኒቱ የመጣበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ልጅየው እ.ኤ.አ. በጥር 2001 የሃይማኖት ድርጅቶች ከመንግሥት ጋር ማኅበራዊ አገልግሎት እንዲሰጡ የሚያበረታታ ቢሮ በቤተ መንግሥታቸው አቋቋሙ። መንግሥት ሃይማኖትን መደጎም ጀመረ ብለው የሠጉ ነበሩ፤ ከሃይማኖተኞቹም ገንዘቡ ስብከታችንን ያስረናል ብለው የፈሩ ነበሩ። ገንዘቡ ለጸሎትና ለስብከት እንዳይውል በሕግ ተወሰነ። እኚሁ ፕሬዚዳንት በ2003 ለኤድስ መከላከያና ሕክምና በአምስት ዓመት 15 ቢሊዮን ዶላር የሚመድበውን ፔፕፋር የተባለውን ፕሮግራም አስጀመሩ፤ ኢትዮጵያም ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚ አገሮች አንዷ ሆነች። የአሜሪካ መንግሥት በዚህ ፕሮግራም ከ25 ሚሊዮን በላይ ሕይወት ተርፏል ይላል።

በዚያ ሕግ ውስጥ ግን እኛን በቀጥታ የሚነካ አንድ አንቀጽ ነበረ። ለመከላከል ከሚወጣው ገንዘብ አንድ ሦስተኛው እስከ ጋብቻ መታቀብን ለሚያስተምሩ ፕሮግራሞች እንዲውል ያዝዝ ነበር። እኛ ዘወትር የምናስተምረው ይህንኑ ስለ ሆነ በደስታ ሰማነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ22 የአፍሪካ አገሮች ወደ 500,000 ከሚጠጉ ሰዎች የተሰበሰበውን መረጃ መርምረው ውጤቱን አወጡ። ለመታቀብና ለመተማመን ትምህርት ከ2004 እስከ 2013 ከ1.4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶ፣ ገንዘቡ በገባባቸውና ባልገባባቸው አገሮች መካከል በወጣቶች ጠባይ ላይ ጉልህ ልዩነት አላገኙም። ከጠባይ ለውጥ ጋር ተያይዞ በግልጽ የታያቸው፣ በተለይ በሴቶች ዘንድ፣ የትምህርት ደረጃ ነው።

ይህ ሲነበብ ጉባኤው ተንጫጫ። «ንጽሕና ከንቱ ነው ማለት ነው?» ያሉ ነበሩ። አይደለም። ጥናቱ ስለ ንጽሕና አልተናገረም፤ ለማስታወቂያና ለስልጠና የወጣው ገንዘብ የታሰበለትን ሥራ አለመሥራቱን ነው የተናገረው። ግዝት በሰሌዳ ላይ ተጽፎ ስለ ተተከለ ብቻ ልብ አይለወጥም፤ ይህን ደግሞ ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ በአዳራሻችን ግድግዳ ላይ ስንት ማስታወቂያ ለጥፈን ስንቱን እንደምንጠብቅ እናውቃለንና። በራሳችን እምነት የተሠራ ሥራ ሲመረመርና ጎዶሎ ሲገኝ መቀበል ያማል። ባለፈው ዓመት ለመዘምራን አልባሳት የተሰበሰበው ገንዘብ ደረሰኝ ሲጠየቅ ስንት ሰው እንደ ተቀየመ አትዘንጉ። ጠያቂዎቹ ግን ልብሱን ለብሰው እስከ ዛሬ ይዘምራሉ።

እ.ኤ.አ. ጥር 20 ቀን 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታን ለ90 ቀን እንዲታገድ ባዘዘ ጊዜ ብዙ የኤች አይ ቪ አገልግሎቶች ተናግተው ነበር። ከጠበሉ ይልቅ በኪኒኑ ብቻ እተማመናለሁ የሚለውም ሰው እንግዲህ ያላያቸውን ብዙ ሰዎች እያመነ ነው፤ የሚያመርተውን፣ የሚከፍለውን፣ የሚጭነውን፣ ቆጥራ የምትሰጠውን።

ወረቀቷን የጻፍሽው እኅታችን ወይም የጻፍከው ወንድማችን፤ መልሳችን ባጭሩ አይደለም የሚል ነው። መድኃኒቱን መዋጥ በጠበሉ አለማመን አይደለም። ከፈቀድክ ተጠመቅ፣ ጠጣ፤ ኪኒኑንም አትተው። ምረጥ የሚልህ ሰው ቢያጋጥምህ ፓትርያርኩ የተናገሩትን ንገረው፤ ካልሰማህ ደግሞ ሌላ አጥማቂ ፈልግ። ተፈወስሁ ብለህ ካመንህም መድኃኒቱን ሳታቆም ሄደህ ተመርመር፤ የተለመደው ፈጣን ምርመራ ግን መድኃኒቱ በትክክል እየሠራም ቢሆን ቫይረሱ አለ ማለቱ ስለማይቀር፣ የቫይረሱን መጠን የሚለካው ምርመራ እንዲደረግልህ ጠይቅ። አሁን በብዛት የሚሰጠው መድኃኒት በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ ስለ ሆነ በጾም ወራት ሰዓቱን ማስማማት ይቻላል፤ የቁርባን ዕለትን ግን ከንስሐ አባትህና ከጤና ባለሙያው ጋር አስቀድመህ ተነጋገርበት፤ በራስህ ፈቃድ አንዲት ቀን አትዝለል።

ብቻህን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ከከበደህ ከእኛ መካከል አብረው የሚሄዱ አንድ ወንድምና አንዲት እኅት ተመርጠዋል። ስምህን መጻፍ አያስፈልግም፤ የሚመችህን ቀንና የምንገናኝበትን ቦታ ብቻ ጽፈህ በሣጥኗ ጣል። ከአሁን በኋላ ቁልፏ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ይሆናል፤ ወረቀትህም በጉባኤ አይነበብም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።